32 ዘፈኖች በአንድ ሸክላ

በጥር ወር 1982 በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን አንድ ሸክላ ታትሞ ወጣ። ስሙ «ፍሌክስ ዩር ሄድ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጭንቅላትህን አሠራው» እንደ ማለት ነው። በሁለት ገጹ ላይ የ11 ባንዶች 32 ዘፈኖች ይገኛሉ። በመጀመሪያ የታተመው 3,000 ቅጂ ነበር። ያሳተመው «ዲስኮርድ» የተባለ የሸክላ አሳታሚ ሲሆን፣ ድርጅት ይባል እንጂ አንቀሳቃሾቹ ከተከራዩት የመኖሪያ ቤት የተለየ ቢሮ አልነበረውም፤ ባለቤቶቹም ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሸክላ ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ ዓመት በትላልቅ ኩባንያዎች የታተሙ፣ በሬዲዮ ቀን ከሌት ሲሰሙ የነበሩ ብዙ ሸክላዎች ዛሬ ከገበያም ከሰው አፍም ጠፍተዋል። የእነዚህ ልጆች ሥራ ግን በየጊዜው እየታተመ ከአዲስ አድማጭ ዘንድ ይደርሳል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችና የቤተ መጻሕፍት ሰዎችም ያጠኑታል። ታዲያ ለሽያጭ ከተዘጋጁት ብዙዎቹ ሳይቆዩ፣ ብዙ ይሸጣል ተብሎ ያልታሰበው ይህ ሥራ ስለምን ቆየ? መልሱ በዘፈኖቹ ማማር ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከዚያ ይልቅ ሥራውን የሠሩት ሰዎች መዝገቡንም ራሳቸው ለመያዝ በመወሰናቸው ላይ ይገኛል።

የፓንክ አነሣሥ

ፓንክ የተባለው የሙዚቃ ዓይነት በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒውዮርክና በለንደን ተነሣ። በዚያን ዘመን የሮክ ሙዚቃ ከፍተኛ ኢንዱስትሪ ሆኖ ነበር። አንድ ሸክላ ለማዘጋጀት ለወራት የሚቆይ የስቱዲዮ ሥራ፣ ውድ መሣሪያና የኩባንያ ድጋፍ ያስፈልግ ስለነበር፣ በሙዚቀኛውና በአድማጩ መካከል ሰፊ ርቀት ተፈጠረ። ፓንክ ይህን አሠራር የተቃወመው በሦስት መንገድ ነው። ዘፈኑን አሳጠረ፤ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመጫወት ጥቂት የጊታር ስልት ማወቅ ይበቃል ሲል በሩን ለጀማሪ ከፈተ። ለምሳሌ ያህል፣ ራሞንስ የተባለው የኒውዮርክ ባንድ በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ 14 ዘፈኖች ይዞ ሙሉ ርዝመቱ ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም።

ከአጨዋወቱ ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን የሕትመቱ ጉዳይ ነው። በጥር 1977 በዝኮክስ የተባሉ የማንቸስተር ወጣቶች 500 ፓውንድ ያህል ተበድረው አራት ዘፈኖች ያሉበትን አንድ ትንሽ ሸክላ በራሳቸው ስም አሳተሙ። መጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ሲሆን፣ ሽያጩ ከጠበቁት በላይ ሆነ። ከዚህ በኋላ ሸክላ ማሳተም የትላልቅ ኩባንያዎች ብቻ ሥራ አለመሆኑ በተግባር ታየ። ትምህርቱ በየአገሩ ተዛምቶ ጥቂት ዘግይቶ ዋሽንግተን ደረሰ።

የከተማው ሁኔታ

ዋሽንግተን የመንግሥት ከተማ ናት። የአሜሪካ የሸክላ ኢንዱስትሪ ማዕከሎች ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ስለነበሩ፣ በዋና ከተማይቱ የሚነሣ ሙዚቀኛ ስሙን ለማስጠራት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ መሰደድ ነበረበት። በ1980 የሕዝብ ቆጠራ ከከተማይቱ 638,000 ያህል ነዋሪዎች መካከል ከአሥሩ ሰባቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የከተማይቱ የራሷ የሆነው የጭፈራ ሙዚቃም በቻክ ብራውን መሪነት የተስፋፋው «ጎ-ጎ» ነበር። ፓንክን የያዙት በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ካሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር።

እነዚህን ወጣቶች ያሰባሰበው አንዱ ምክንያት የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መዘጋት ነው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ይዞታ የነበረውና ያልተለመደ ሙዚቃ በማሰማት የታወቀው ጣቢያ በጥር 1979 ተዘጋ፤ ሞገዱም በአንድ ዶላር ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። በሚቀጥለው ወር ጣቢያውን ለመደገፍ ክራምፕስ የተባለው ባንድ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጫወተ። በዚያ ምሽት ከተገኙት ወጣቶች አንዱ ኢያን መካይ ነበር፤ ሙዚቃ ያለ ኩባንያ ፈቃድ ሊኖር እንደሚችል የተረዳውም በዚያ አጋጣሚ ነው።

ሌላው ምክንያት ባድ ብሬይንስ የተባለው ባንድ ነው። የባንዱ አባሎች ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ አስቀድሞ ጃዝ ከሮክ ጋር የቀላቀለ ሙዚቃ ይጫወቱ ስለነበር በሙያ ብቃታቸው ከሌሎቹ በእጅጉ ይልቁ ነበር። በኋላም የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀብለው ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመሩ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለማቱንም ምልክታቸው አደረጉ። እነርሱና ተከታዮቻቸው ከሚጫወቱባቸው ቦታዎች አንዱ በአዳምስ ሞርገን ሰፈር በ18ኛው ጎዳና የሚገኝ የሠዓሊዎች የጋራ ቤት ነበር። ይህ ጎዳና በ1980ዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት በመሆኑ በዋሽንግተን ለኖረ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የከተማይቱ ወጣት ባንዶች ፍጥነትንና ጥራትን አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል የተማሩት ከባድ ብሬይንስ ነው።

የ600 ዶላር ጉዳይ

ኢያን መካይ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ከጄፍ ኔልሰን፣ ከኔታን ስትሬጄክና ከሌላ አንድ ወጣት ጋር በ1979 ቲን አይድልዝ የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ባንዱ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። በነሐሴ 1980 በአውቶቡስ ወደ ካሊፎርንያ ተጉዞ በጥቂት ቦታዎች ተጫወተ። በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የሙዚቃ ቤት ዕድሜያቸው ለመጠጥ ያልደረሰውን ወጣቶች ማስገባት ስለ ፈለገ በእጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ያደርግባቸው ነበር፤ ምልክት ያለበት እጅ መጠጥ አይሸጥለትም። ልጆቹ ይህን ዘዴ ወደ ዋሽንግተን ይዘው ተመለሱና በዚያው ዓመት ለተከፈተው የ9:30 ክለብ ባለቤቶች አቀረቡት። ሐሳቡ ተቀባይነት በማግኘቱ ወጣቶች ሕግ ሳይጣስ ሙዚቃ የሚሰሙበት ቦታ አገኙ። በር ላይ ለሚቆመው ሰው የተበጀችው ይህች ቀላል መለያ በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀ የንቅናቄ ዓርማ ሆናለች።

በኅዳር 1980 ቲን አይድልዝ ተበተነ። በዓመቱ ውስጥ ከየትርኢቱ ያገኙትን ሳይከፋፈሉ ያጠራቀሙት ገንዘብ ወደ 600 ዶላር ይጠጋ ነበር። የታሪኩ ዋና መዞሪያ እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ለአራት ቢከፈል ለእያንዳንዱ 150 ዶላር ይደርሰዋል፤ ይህም ለአንድ ተማሪ የማይናቅ ገንዘብ ነበር። ባንዱ ከእንግዲህ የለም፤ የሚያስተዋውቁት ትርኢት የለም፤ ከሸክላ ሽያጭ የሚጠቀም የወደፊት ሥራም የለም። በንግድ ሥሌት ቢመዘን ለፈረሰ ባንድ ሸክላ ማሳተም ኪሳራ ነው። እነርሱ ግን ገንዘቡን በሙሉ በሸክላው ላይ ለማዋል ተስማሙ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ይህ ነገር በእርግጥ ተደርጓል፣ እኛም እዚያ ነበርን የሚል ማስረጃ ማስቀረት ፈለጉ።

ዘፈኖቹ የተቀረጹት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአርሊንግተን፣ ዶን ዚንታራ በተባለ የድምፅ ባለሙያ መኖሪያ ቤት ነው። ዚንታራ በቤቱ ምድር ቤት አራት ትራክ ያለው መቅረጫ ተክሎ «ኢነር ኢር» የሚል ስም የሰጠው ስቱዲዮ ነበረው። በሮክቪል የሸክላ መደብር ያለውና የራሱን ትንሽ አሳታሚ ያቋቋመው ስኪፕ ግሮፍ ደግሞ የአሠራሩን መንገድ አሳያቸው። ስምንት ዘፈኖች የያዘው ትንሽ ሸክላ በታኅሣሥ 1980 በ1,000 ቅጂ ታተመ። የሸክላውን መያዣ ወረቀት ለማሠራት ገንዘብ ባለመትረፉ፣ ከእንግሊዝ የመጣ የሸክላ መያዣ ሙጫውን ፈትተው ዘረጉና ንድፉን ቀዱ፤ በዚያም መሠረት የታተመውን ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉና እየለጠፉ አዘጋጁ። በኋላ ላወጧቸው ሸክላዎችም እንዲሁ በማድረግ በሺህ የሚቆጠሩ መያዣዎችን በእጃቸው ሠርተዋል።

ከሽያጩ የተመለሰው ገንዘብ ለሚቀጥለው ባንድ ሸክላ ዋለ። በ1981 ስቴት ኦፍ አለርት፣ ማይነር ትሬት፣ ገቨርንመንት ኢሹና ዩዝ ብሪጌድ የተባሉት ባንዶች በየተራ ታተሙ። የመጀመሪያውን የስቴት ኦፍ አለርት ሸክላ ወጪ የቻለው የባንዱ ዘፋኝ ሄንሪ ጋርፊልድ ራሱ ነበር፤ በኋላ ሄንሪ ሮሊንስ በሚል ስም የታወቀው ይኸው ሰው ነው። በጥቅምት 1981 በአርሊንግተን አንድ ቤት ተከራይተው መኖሪያቸውንም ሥራቸውንም በዚያ አደረጉ። ከባንዶቹ ጋር የተጻፈ ውል አልነበረም፤ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ትርፉን ይከፋፈሉ ነበር። የሚያሳትሙትም የዋሽንግተንንና የአካባቢዋን ባንዶች ብቻ ነበር።

ስለ ሸክላው አሠራር

መድበሉ የተዘጋጀበትን ምክንያት በሚገባ ለመረዳት የሸክላን የቴክኒክና የወጪ ጠባይ መመልከት ይጠቅማል። ድምፁ በመግነጢሳዊ ክር ላይ ከተቀረጸ በኋላ በመቁረጫ መሣሪያ አማካይነት ላከር በተቀባ የአሉሚንየም ዝርግ ላይ እንደ ጠመዝማዛ ቦይ ይቀረጻል። ዝርጉ ስስ ብር ከተቀባ በኋላ በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለብሳል። ከዚህ የሚላቀቀው የኒኬል ቅርጽ ግልባጭ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ቅርጽ፣ ከዚያም የመጨረሻው ማተሚያ ይወጣል። ማተሚያው በመጭመቂያ መኪና ላይ ተገጥሞ በእንፋሎት የለሰለሰውን ፕላስቲክ ይጫነዋል፤ ወዲያው በውኃ ሲቀዘቅዝ አንድ ሸክላ ተሠራ ማለት ነው።

በዚህ ሂደት የመቁረጡና የኒኬሉ ወጪ 500 ቅጂ ቢታተም ወይም 5,000 ቅጂ ብዙም አይለያይም። ስለዚህ ለአንድ ያልታወቀ ባንድ ብቻውን ይህን ወጪ መሸከም ከባድ ሲሆን፣ ለ11 ባንዶች ሲከፋፈል ግን ቀላል ይሆናል። በ1981 መጨረሻ ላይ በዋሽንግተን ጥቂት ዘፈኖች በክር ላይ ቀርጸው የራሳቸው ሸክላ ያልወጣላቸው ባንዶች ነበሩ፤ ክራቸው ሳይታተም የተበተኑም ነበሩ። የጋራ መድበል ለዚህ ችግር የተገኘ የተስተካከለ መፍትሔ ነው።

የቦታውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል በመልካም ድምፅ ይይዛል። ከዚያ በላይ ሲጫን ቦዮቹ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ግድ ይሆናል። በዚህ መጠን 32 ዘፈኖች ለማስገባት እያንዳንዱ ዘፈን በአማካይ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ ብዙ መብለጥ የለበትም። ለሌላ ሙዚቃ ይህ የማይቻል ነው፤ ለዋሽንግተን ባንዶች ግን የዘወትር ልካቸው ነበር።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። የሸክላው የዙር ፍጥነት አንድ ሆኖ ሳለ መርፌው ወደ መካከል በቀረበ ቁጥር ከሥሩ የሚያልፈው የቦይ ርዝመት ያንሳል። በውጭው ጠርዝ በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የነበረው በመካከል አጠገብ ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ የተነሣ በየገጹ መጨረሻ ላይ የሚገኙ ዘፈኖች ከፍተኛውን የድምፅ ክፍል በጥራት ለማውጣት ይቸገራሉ። እንደነዚህ ባሉ ሸክላዎች ላይ ጸናጽሉና ጊታሩ አንድ ላይ ሲንጫጩ የሚሰማው ሻካራነት በከፊል ከአጨዋወቱ፣ በከፊልም ከዚሁ የተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው።

በመድበሉ ውስጥ ያሉት

መድበሉ የሚጀምረው በቲን አይድልዝ ነው። ይህም ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ለሁሉም መነሻ የሆነው የእነርሱ 600 ዶላር ነውና። ከእነርሱ ሌላ አንታቸብልዝ፣ ስቴት ኦፍ አለርት፣ ገቨርንመንት ኢሹ፣ ዩዝ ብሪጌድ፣ ሬድ ሲ፣ ቮይድ፣ አይረን ክሮስ፣ አርቲፊሻል ፒስ፣ ዴድላይንና ማይነር ትሬት ይገኙበታል። እንዲህ ተዘርዝረው ሲታዩ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገለጣል። ሸክላው ለሽያጭ በቀረበበት ዕለት ቲን አይድልዝ ከተበተነ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ስቴት ኦፍ አለርት ዘፋኙ ብላክ ፍላግ ወደተባለው የካሊፎርንያ ባንድ በመሄዱ በ1981 በጋ አብቅቷል። አንታቸብልዝና ዩዝ ብሪጌድም አልነበሩም። ማለትም መድበሉ ለገዢው ያቀረበው በከፊል ወደ ትርኢት ሄዶ ሊያያቸው የማይችላቸውን ባንዶች ነው። ኩባንያ ቢሆን ኖሮ የፈረሱትን አውጥቶ ያሉትን ብቻ ያትም ነበር። እዚህ ግን የፈረሱት በክብር ቦታቸውን ይዘዋል።

በጥራት ረገድ ሥራዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ማይነር ትሬት፣ ማለት መካይና ኔልሰን ከቲን አይድልዝ በኋላ ከላይል ፕሬስላርና ከብራያን ቤከር ጋር ያቋቋሙት ባንድ፣ ከሁሉም ይልቅ የተስተካከለና በልምምድ የጠነከረ ነው። በዚህ መድበል ያቀረበው ሁለት ዘፈን ብቻ ሲሆን፣ አንዱም የእንግሊዙ የዋየር ባንድ ሥራ ነው። አሳታሚዎቹ ለራሳቸው ባንድ ብዙ ቦታ አለመያዛቸው ሊታለፍ የማይገባው ነው። ከሜሪላንድ ከኮሎምቢያ ከተማ የመጣው ቮይድ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ ሙዚቃው ሊፈርስ እየተንገዳገደ የሚሄድ ይመስላል፤ በኋለኛው ዘመን ግን ከብዙዎቹ የበለጠ ተከታይ ያፈራው ይኸው ባንድ ሆኗል። የአንታቸብልዝ አንድ ዘፈን ከአሥር ዓመት በኋላ በ1992 በታወቀው የሶኒክ ዩዝ ባንድ እንደገና ተጫውቷል። በዴድላይን ከበሮ የሚመታው ብሬንደን ካንቲ በኋላ ፉጋዚ በተባለው ባንድ ዓለም አቀፍ ስም አግኝቷል። ሬድ ሲ ውስጥ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ቶኒ ያንግ የተባለች ወጣት ነበረች፤ ይህ ሁሉ ወንድ በበዛበት ስብስብ ውስጥ እርሷ ጎልታ ትታያለች።

የመድበሉ ጉድለትም መነገር አለበት። የሁሉ አስተማሪ የሆነው ባድ ብሬይንስ በውስጡ የለም፤ በዚያን ጊዜ ባንዱ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ነበር፤ የመጀመሪያ ሙሉ ሥራውም በ1982 በሌላ አሳታሚ በካሴት ወጥቷል። ስለዚህ መድበሉን ብቻ የሰማ ሰው የዋሽንግተንን ፓንክ የነጭ ተማሪዎች ፈጠራ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ይህም ስሕተት ነው። ከብዙዎቹ ዘፈኖች የሚወጣው ቁጣም በስል የተመዘነ አይደለም። ጥላቻው አንዳንድ ጊዜ በመምህራንና በወላጆች፣ አንዳንድ ጊዜም በራሳቸው እኩዮች ላይ ይወርዳል። በየትርኢቱ ጠብ ይነሣ ነበር፤ ይህ ነገር እየባሰ በመሄዱ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ በ1983 እና 1984 ከቦታው ሸሽተዋል። ነገር ግን መዝገብ እንደ መዝገብነቱ ጉድለትንም ጭምር መያዙ ጥቅሙ ነው። የ17 ዓመት ልጅ በ1981 ምን ያስብና ይናገር እንደነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ የበለጠ ያልተሸፋፈነ ምንጭ አያገኝም።

ከዚያ በኋላ

3,000ው ቅጂ በአጭር ጊዜ ተሽጦ አለቀ፤ ሸክላውም በተለያየ የሽፋን ሥዕል እንደገና ታተመ። ማይነር ትሬት በ1983 ተበተነ። ሆኖም ስለ መጠጥና ዕፅ መታቀብ የዘፈነው የ1981 አጭር ዘፈን በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጠረ፤ በእጅ ጀርባ ላይ የሚሣለው ኤክስም የዚሁ ምልክት ሆነ። ደራሲው መካይ የግል አቋሙን መግለጹ እንጂ ሕግ ማውጣቱ እንዳልነበረ ደጋግሞ ቢያስረዳም፣ ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር።

በ1985 በጋ የቀድሞዎቹ ወጣቶች አዳዲስ ባንዶች አቋቁመው ጠብንና ዘረኝነትን የሚቃወም አዲስ እንቅስቃሴ ጀመሩ። በ1987 የተመሠረተው ፉጋዚ የትርኢት መግቢያውን ዋጋ በተቻለ መጠን 5 ዶላር እንዲሆን በማድረግና ለማንኛውም ዕድሜ ክፍት የሆነ አዳራሽ በመምረጥ የቀድሞውን መርሕ ቀጠለ። ከ800 በላይ የሚሆኑ ትርኢቶቹን በድምፅ ቀርጾ በመያዙም ከ2011 ጀምሮ ለሕዝብ ማቅረብ ተችሏል። ዲስኮርድ ደግሞ በ2002 የሃያ ዓመት ሥራውን የሚያሳይ ሰፊ መድበል አወጣ። በ2014 የዋሽንግተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የከተማይቱን የፓንክ ሰነዶች የሚሰበስብ ልዩ ክፍል አቋቋመ፤ የትርኢት ማስታወቂያዎች፣ በእጅ የተባዙ መጽሔቶችና ክሮች በዚያ ይጠበቃሉ። ከምድር ቤት ወጥቶ በ1990 ሰፊ ቦታ ያገኘው የኢነር ኢር ስቱዲዮ ግን ቦታው በአርሊንግተን አስተዳደር በመገዛቱ በ2021 ተዘግቷል። ሕንጻው ቢቀርም በውስጡ የተቀረጸው ድምፅ አለ።

አንድ ንጽጽር

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወዳጅ ይህን ታሪክ ሲያነብ ከአዲስ አበባ አንድ ስም ትዝ ይለዋል። በ1969 ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ «አምሃ ሬከርድስ»ን አቋቋመ፤ በመጀመሪያም የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ አሳተመ። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላዎቹ በውጭ አገር፣ በመጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ይታተሙ ነበር። እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ትናንሽ ሸክላዎችና ከአሥር በላይ ረዣዥም ሸክላዎች አወጣ፤ ከእነዚህም መካከል የልዩ ልዩ ድምፃውያንን ሥራ የሰበሰቡት የ«ኢትዮጵያን ሂት ፓሬድ» መድበሎች ይገኙበታል። በ1975 አገሩን ለቆ ለብዙ ዓመታት የኖረው በዚያችው በዋሽንግተን ነው። በሙዚቃ ዓይነት፣ በካፒታልም ሆነ በዓላማ አምሃ ነጋዴ፣ የዲስኮርድ ልጆች ተማሪዎች ስለነበሩ ሁለቱ አይመሳሰሉም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዘመናቸውን ድምፅ ሌላ እስኪቀርጸው አለመጠበቃቸው ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ በፈረንሳይ የታተሙት መድበሎች ሊዘጋጁ የቻሉት እነዚያ ሸክላዎች አስቀድመው በመኖራቸው ነው። ባይታተሙ ኖሮ የኋለኛው ዘመን ወጣት የሚሰማው ነገር ባልኖረ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ቁም ነገር ሙዚቃን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ለጊዜው ተሰባስቦ የሚሠራ ቡድን ሁሉ አንድ ቀን ይበተናል። ድልድይ የሠራ ቡድን ድልድዩ ሲያልቅ ወደየፊናው ይሄዳል፤ በሥራው ጊዜ በመስኩ ላይ የተለወጠው ነገር ሁሉ በንድፍ ላይ ካልሰፈረ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለጥገና የሚመጣው መሐንዲስ መሬት ቆፍሮ ከመገመት በስተቀር ሌላ መንገድ የለውም። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሚዘጋጀው ንድፍ ለሠሪው አዲስ ገቢ አያመጣም፤ እንዲያውም ድካምና ወጪ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ለነገ የሚተወው።

የዋሽንግተኖቹ ልጆች በ1980 የገጠማቸው ምርጫ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባንዱ ፈርሷል፤ ገንዘቡ በእጃቸው ነው፤ ለእያንዳንዱ 150 ዶላር ይደርሰዋል። ገንዘቡን ቢከፋፈሉት ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እነርሱ ግን ያለፈውን ሥራ በሚገባ ዘግተው ለሚመጣው አስረከቡት፤ የቀረውም ሁሉ ከዚያ ተወለደ። የ11ዱ ባንዶች መድበልም የተሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። በመደብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ያ ሸክላ ከነሻካራ ድምፁ፣ ከነጉድለቱ፣ በጊዜው በነበሩት ሰዎች እጅ የተዘጋጀ የሥራ መዝገብ ነው። ዛሬ መርፌው ሲያርፍበት ከፈረሱት ባንዶች የመጀመሪያው ጊታሩን ያነሣል፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃል።